ከኤስቴ በኩል ሲቆጠር

ከሉሄ ወንዝ አፍ፣ ሁለተኛው ማይል
ማርች 4 ቀን 1832

ለወንድሜ ለባርቶልድ፤ ለንደን ከተማ፣ ስኳር ማንጠሪያው ቤት፤

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና፣ በደረቅ ጫማና በጠገበ ሆድ ያግኝህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ብርዱ ሄዷል፣ ግድቡ ችሏል፣ ቀይዋ ላም መንታ ወልዳ አንዱ ቆሟል። አባባም አለ። ሰባ ዘጠኝ ሞላው፤ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ምላሱ ግን አንተ እንደምታውቀው ነው።

ሰባት ዓመት አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ ኖራ ዛሬ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። በየዓመቱ የፖም ጀልባ ወደ ለንደን ሲጫን «ዘንድሮስ እጽፋለሁ» እላለሁ፤ ጀልባው ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። ቄሱ ዘንድ የተማርኩት ሦስት ክረምት ብቻ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አንተ ቀና አድርገህ አንብበው።

አሁን ግን ግድ ሆነብኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከሽታደ ከተማ የመጣ ጸሐፊ በርሜል ላይ ወጥቶ አዋጅ አነበበ። ከሽቪንገ ወንዝ እስከ ሉሄ አንደኛው ማይል፣ ከሉሄ እስከ ኤስቴ ሁለተኛው፣ ከኤስቴ ወዲያ ሦስተኛው እየተባለ፣ እያንዳንዱ በራሱ ችሎትና በራሱ የግድብ ዳኛ ሲተዳደር የኖረው ምድራችን በሴፕቴምበር መጨረሻ ከሚውለው ከሚካኤል በዓል በኋላ ባንድ ሹም ሥር ይጠቃለላል አለ። ቅድመ አያቶቻችን ረግረጉን አድርቀው በሦስት የከፈሉትን ምድር እሱ በርሜል ላይ ቆሞ በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ባለቤቴ ፔተር ብቻ፣ መቼም ከሉሄ ማዶ የአንደኛው ማይል ልጅ መሆኑን አትረሳውም፣ «እንግዲያው ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አገር ኖሬ ዛሬ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀው። አባባ አልሳቀም። «አንተ የትም ብትጠቃለል ያው የአንደኛው ማይል ቋጣሪ ነህ» አለው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ችሎቱ ከመዘጋቱ በፊት ያላለቀ ጉዳይ ሁሉ ይለቅ ተብሏል። ያንተ ጉዳይ አላለቀም። በ1825ቱ ጎርፍ ግድቡ የኤልበ ወንዝ በሚታጠፍበት፣ ክርኑ በምንለው ቦታ፣ ያባትህ የቤት ምልክት ከተቀረጸበት ችካል አጠገብ ከተናደ ወዲህ የማይሉ ሰው ተረባርቦ ደፈነው እንጂ ቤትህ እንዲጠብቀው የተመደበለት የግድብ ድርሻ ጠባቂ የለውም። ስድስት ጥማድ መሬትህም እንደታገደ ነው። የግድብ ዳኛው ዲርክ ቤታችን ድረስ መጥቶ «የሚካኤል ዕለት የመጨረሻው ፍተሻ ነው። ባርቶልድ ካልመጣ፣ ወይም ስለ እሱ የሚናገር ካልተገኘ፣ አካፋ እተክላለሁ» አለ። አካፋው አንዴ ድርሻህ ላይ ከተተከለ፣ የነቀለው ሰው መሬቱንም ቤቱንም የግድቡንም ሸክም ለዘላለም ይወስዳል፤ ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ። ያኮብ ፋይንት ከአሁኑ የቼሪ ዛፎችህን በእርምጃ ሲለካ አይቼዋለሁ።

ና አልልህም። ግን ምን ብዬ ልናገርልህ? ጻፍልኝ።

የሄድክ ዕለት ጀልባው ላይ ሆነህ እጅህን ስትዘረጋልኝ የኔ እጅ ሽርጤ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ይኸው ዛሬ አወጣሁት፤ የሚጽፍልህ እሱ ነው።

እግርህን ደረቅ መሬት ላይ ያቁመው።
የአጎትህ የሉደር ልጅ፣ እህትህ ጌሼ


ለንደን
ማርች 30 ቀን 1832

ለእታለም ጌሼ፤

ሰላምታዬ አንቺንም ቤትሽንም ይክበብ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤና ነኝ።

እዚህ ስኳር የምናፈላበት ቤት መስኮት አይከፈትም፤ በጋ ክረምት ወገባችን ድረስ ራቁታችንን ነው የምንሠራው። ቢራ እንደ ልብ ይሰጡናል፤ ላብ ሆኖ ይወጣል። ከሠራተኛው ግማሹ የኛ አገር ሰው ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየትኛው ማይል ነህ?» ብሎ ነው። እኔ ከሦስተኛው ነኝ እላለሁ። ከሁለተኛው ነኝ ካልኩ ስሜን ይጠይቁኛል፤ ስሜን ካወቁ ደግሞ ዝም ይላሉ።

የሚናገርልኝ ሰው አልፈልግም። ዲርክ አካፋውን ይትከል፣ ያኮብ ይንቀለው። በኔ ድርሻ የገባ ውሃ ሰባት ሰው ወስዷል። አንዷ ታናሽ እህትሽ ቤኬ ናት። ስሟን ላልጽፈው ነበር፤ ጻፍኩት። ከጎርፉ በፊት በነበረው መኸር መቶ አርባ ጋሪ ጭቃ ክርኑ ላይ ደፍቻለሁ፤ ሣር አልብሼዋለሁ፣ የፍልፈል ጉድጓዱን አንድ በአንድ ወትፌያለሁ። አልበቃም። አጎቴ ሉደር በቀብሯ ላይ ጀርባውን ሲያዞርብኝ ትክክል ነበር።

አንድ ሾጣጣ ስኳር ልኬያለሁ። ከኔ መሆኑን ለአጎቴ አትንገሪው፤ አይበላውም።

ክርኑስ? ዘንድሮ ያዘ?

ባርቶልድ


ከሉሄ ወንዝ አፍ፣ ሁለተኛው ማይል
ሜይ 13 ቀን 1832

ለወንድሜ ለባርቶልድ፤ የፖም አበባ ያህል ብዙ ሰላምታ ይድረስህ፤

አዎ፣ ክርኑ ይዟል። የጠየቅከኝ እሱን ብቻ ስለሆነ እሱን አስቀደምኩ።

ፖሙ አብቧል። ከግድቡ ላይ ሆነህ ስታየው ምድሩ ሁሉ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ንቡ ከመብዛቱ የተነሳ ፔተር ትናንት አፉን ከፍቶ ሲስቅ አንዷ ገባችበት፤ ምላሱ አብጦ እስከ ዛሬ ዝም ብሏል። ሃያ ሁለት ዓመት የጸለይኩት ጸሎት በንብ ተመለሰልኝ።

ስኳሩ ደርሷል። ፔተር በመጥረቢያ ጀርባ ፈለጠው። አባባ አንዱን ስባሪ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ፣

«ይሄስ ከየት ነው?» አለ።

«ከለንደን» አልኩ።

«ለንደን ማን አለን?»

ምን ልበል? ጉንጩ መንቀሳቀሱን አቆመ። ከዚያ ስባሪውን በሁለት ጣቱ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረው። አልተፋውም፤ አኖረው ነው የምልህ። እኔም አልጣልኩትም፤ ጠርጌ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሌላ ወሬ። አባባ የችሎቱ ታላቅ ሽማግሌ ስለሆነ የማይሉ የመዝገብ ሣጥን እኛ ቤት መሆኑን ታውቃለህ። ያ ባለ በርሜሉ ጸሐፊ መዝገቦቹ ሽታደ ስለሚሄዱ ሻጋታቸው ተጠርጎ፣ በተልባ እግር ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ዝርዝራቸው ይጻፍ ብሎ አዘዘ። ማን ይጥረግ? ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወገባቸውን ያዙ፤ እኔ ላይ ወደቀ። ፔተር ሊያግዘኝ ተቀመጠና የግድብ ድርሻ ዝርዝሩን ካሉት ችካሎች ጋር ላመሳክር ብሎ ቆጠራ ጀመረ። ከየት ቢጀምር ጥሩ ነው? ከሉሄ! አባባ ከወንበሩ ሆኖ «ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ በልተህ እስከ ዛሬ እንደ አንደኛው ማይል ሰው ከሉሄ ትጀምራለህ? እኛ ከኤስቴ ተነስተን ሉሄ ላይ ነው የምንጨርሰው!» ብሎ ጮኸ። ፔተርም «ወንዙ ከየትም ቢቆጠር ያው እርጥብ ነው» አለው። ሳቅን።

እኔ መሳቄን ቶሎ አቆምኩ።

አንድ ነገር አስታውሰህ ጻፍልኝ። ከበረዶው ዓመት በፊት፣ ማለቴ በፈረንሳዮች ጦርነት ጊዜ በረዶ ግድቡን ልጦ አሥራ አንድ ችካል ከመውሰዱ በፊት፣ አባትህ ሄርማን ግድብ ያድስ የነበረው የት ላይ ነው? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።

ጌሼ


ለንደን
ጁን 5 ቀን 1832

ለእታለም ጌሼ፤ ሰላም ላንቺ፤

«እንዲያው ነው» ብለሽ ስትጠይቂ የልጅነቴን ነገር አስታወስሽኝ። «ባርቶልድ፣ እንዲያው ነው የምጠይቅህ፣ እንቁላሉን ማን በላው?»

አስታወስኩ። ለማስታወስ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ እዚያ ቦታ በሐሳብ መሄድ አቁሜ ነበር።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ግድብ ላይ በግ አግድ ነበር። ከግድቡ እስከ ኤልበ ውሃ ድረስ ሰፊ መስክ ነበረ፤ ማዕበል ሲመጣ ጉልበቱ መስኩ ላይ ያልቅና እኛ ዘንድ ሲደርስ ይልሰናል እንጂ አይመታንም። አባቴ በዓመት ሁለት ቀን ሠርቶ ይጨርስ ነበር። ያ ክርኑ አይደለም። ክርኑ ላይ መስክ የለም።

ከበረዶው በኋላ ግድቡ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ችካሉም እንደ አዲስ ተተከለ። የኛ ዳኛ ታስሮ ስለነበር ምትክ ሆኖ የመጣው ከሉሄ ማዶ፣ የአንደኛው ማይል ዳኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ክርኑ ላይ ሆንን። አባቴ «እኛ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ ያለነው?» ሲል ትዝ ይለኛል። ይጠጣል ብለው ሰዎቹ ሳቁበት። ይጠጣም ነበር። ጭቃ ተሸክሞ እዚያው ክርኑ ላይ ወድቆ ሞተ።

እታለም፣ መዝገቡ ምን ይላል? ያን ገጽ ቃል በቃል ገልብጪና ላኪልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ባርቶልድ


ከሉሄ ወንዝ አፍ፣ ሁለተኛው ማይል
ጁላይ 8 ቀን 1832

ለወንድሜ ለባርቶልድ፤

ሰላምህ ይብዛ። እኛ ደህና ነን።

ቼሪው ደርሷል፤ ወፉም ደርሷል። ዘንድሮ የመጣብን የወፍ መንጋ ደመና ነው ብልህ አታምነኝም። ሴቱም ወንዱም ዛፍ ሥር ቆሞ ቆርቆሮ ይደበድባል። ፔተር የሞተችውን የእናቱን ቀሚስ እንጨት ላይ ሰቅሎ ማስፈራሪያ አቆመ፤ ወፎቹ አልፈሩም፣ እሱ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣል። የቄሱ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች። ቀዩ ጥጃ አድጓል። ቼሪውን በማር ልሠራው አስቤ ነበር፣ ማሩ አነሰኝ፤ ሌላ ሾጣጣ ስኳር ካለህ በሚመለሰው ጀልባ ላክልኝ።

የአባባ ነገር እንደምታውቀው ነው። ግድቡ ላይ ወስዳችሁ አስቀምጡኝ ይላል፤ ወስደን ስናስቀምጠው ወደ ክርኑ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።

የምጽፈው አለቀብኝ።

ጌሼ


ለንደን
ጁላይ 29 ቀን 1832

ጌሼ፤

ገጽ ሙሉ ስለ ወፍ ጻፍሽልኝ። እኔ የጠየቅኩሽ አንድ ገጽ መዝገብ ነው።

አንቺ ማውራት ስትፈሪ እንደምታወሪ አውቃለሁ። ያሳደግሽኝ ሴት ነሽ። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሰባት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ማወቅ አይገባኝም?

ስኳሩን ልኬያለሁ።

ባርቶልድ


ከሉሄ ወንዝ አፍ፣ ሁለተኛው ማይል
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1832

ወንድሜ፤

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይቅር በለኝ፤ ገጹን ልገልብጥልህ።

«ከኤስቴ በኩል ሲቆጠር። ሦስተኛ፣ የበጎች መስክ፤ የሄርማን ቤት፣ ስድስት ጥማድ። ስድስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን። ዘጠነኛ፣ ክርኑ፤ የሉደር ቤት፣ ሠላሳ ጥማድ ስላለው።»

ገባህ? በረዶ የወሰዳቸው አሥራ አንዱ ድርሻዎች ናቸው። ያ ምትክ ዳኛ እንደ አገሩ ልማድ ከሉሄ ጀምሮ ቆጠረና ችካሎቹን በዝርዝሩ ተራ ከዚያ ጫፍ ጀምሮ ተከላቸው። ሦስተኛው ዘጠነኛ ሆነ፣ ዘጠነኛው ሦስተኛ። መሀል ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ቦታው ላይ ቀረ። ፔተር ባይሳሳት ኖሮ እኔም አላየውም ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሳቅኩበት ስሕተት ነው።

አባቶቻችን ግድቡን ሲከፋፈሉ ከባዱን ድርሻ ለሰፊ መሬት፣ ቀላሉን ለጠባብ መሬት ነው ያደረጉት። ክርኑ ላይ የሚሠራ ቤት አራት ፈረስና ስምንት ሰው ሊኖረው ይገባል። እኛ አለን። አንተ አንድ ጋሪና ሁለት እጅ ነበረህ። የኛን ሸክም ነው የተሸከምከው ባርቶልድ። አባትህም የሞተው የኛን ጭቃ ተሸክሞ ነው። ቤኬንም የወሰዳት በኛው ድርሻ የገባው ውሃ ነው።

ይህን ያየሁት በሜይ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ስላንተ አላስብም ብለህ አትየኝ። የሚካኤል ዕለት መዝገቡን ካወጣሁ ስምህ ይጠራል፣ መሬትህም ይመለሳል፤ አባባ ግን ልጁን ቤኬን የገደላት የራሱ ግድብ መሆኑን በሰው ፊት ይሰማል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካላወጣሁት አካፋው ይተከላል፣ መዝገቡም ሽታደ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይገልጠውም።

ከዚህም የባሰ አለ። አባባ ያን ጊዜ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራበት ቦታ ክርኑ ነበር። ባንድ ክረምት በጎች መስክ ላይ ራሱን ሲያገኝ አላወቀም? ይህን ጥያቄ አንዴም ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም፤ ወረቀቱ ነው መጀመሪያ የሰማው።

እንደ ሕፃን ልጠይቅህ፤ ምን ላድርግ? ከሚካኤል በፊት ሁለት ጀልባ ይመጣል። ባንዱ ንገረኝ።

ጌሼ


ከሉሄ ወንዝ አፍ፣ ሁለተኛው ማይል (ልማድ ነው፣ አለቀ ቢሉም ጻፍኩት)
ኦክቶበር 1 ቀን 1832

ለወንድሜ ለባርቶልድ፤

በሕይወት ካለህ ሰላም ይድረስህ፤ ተቆጥተህ ከሆነም ይድረስህ።

ሁለቱም ጀልባዎች መጡ። ካንተ ምንም አልነበረም። ብቻዬን ወሰንኩ።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ ከዲርክ ኋላ ግድቡን ተከትሎ ከኤስቴ ተነሣ። አባባ ጋሪ ላይ ነበር። እኔ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ዳቦ ብብቴ ውስጥ ይዣለሁ። ክርኑ ላይ ስንደርስ ዲርክ አካፋውን ከትከሻው አወረደና «ባርቶልድ፣ የሄርማን ልጅ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ነፋስ ብቻ። ያኮብ ፋይንት መዳፉን እፍ እፍ አለ።

«ቆይ ዲርክ» አልኩ።

«ጌሼ፣ ፍተሻ የሴት ሥራ አይደለም።»

«መዝገቡን ሻጋታውን ስጠርግ የሴት ሥራ ነበር። እንካ፣ ከባድ ነው፣ ያዘው።»

ሳቁ። ያዘው። ገጹን ገልጬ «የኛ ማይል ከየት ነው የሚቆጥረው?» አልኩት።

«ከኤስቴ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«እንግዲያው ከበረዶው በኋላ ከተተከሉት ከመጀመሪያው ችካል ጀምረህ ቁጠር።»

ፊቴን አየው፣ ገጹን አየው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር ጀመረ። ሰዉም አብሮት ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እንደ ጨዋታ ነበር። ስድስት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ችካል ልክ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ሲሉ ቆጠራው ቆመ። የቆምንበት ክርኑ ነው። ዲርክ መዝገቡን አነበበ፤ ደገመው፤ ድምፁ ዝቅ አለ። ፔተር ከጎኔ «እኔ ብሆን ሦስት ነበር የምለው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

ሁሉም ወደ ጋሪው ዞረ።

አባባ «መዝገቡን ዝጋው። አውቀዋለሁ» አለ።

ዲርክ ግን መዝገቡን አልዘጋውም።

«ያ ሰው ችካሉን ሲተክል አጠገቡ ነበርኩ። በተሳሳተ ጫፍ ጀመርክ ልለው አፌን ከፈትኩ። የኔ ችካል በጎች መስክ ላይ ሲያርፍ አየሁና ዘጋሁት። ፈረሶቼን ፈረንሳዮቹ ወስደዋቸዋል፣ ሁለት ልጅ በተስቦ ተኝቶብኛል። ለዚህ ክረምት ብቻ አልኩ። ዳኛችን ሲፈታ እነግረዋለሁ አልኩ፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ልናገር ስል ያለፈውን ዓመት መናገር መጣብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት። ልጁ መቶ አርባ ጋሪ ጭቃ ሲያፈስ ቆሜ ቆጥሬለታለሁ። በቀብሯ ላይ ጀርባዬን ያዞርኩበት ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ነው።» ከዚያ «አውርዱኝ» አለ።

አወረድነው። «ያቺን አካፋ» አለ።

ዲርክ «አባባ ሉደር፣ ይቅር። ይህ እኮ የችሎቱ የመጨረሻ ቀን ነው» አለው።

«የመጨረሻ ከሆነማ ከዛሬ በቀር ቀን የለኝም።»

ክርኑ ላይ፣ በራሱ ድርሻ ላይ ሊተክላት ገፋት። ሣሩ እምቢ አለው። ፔተር ሄዶ ከአባባ እግር ጎን የራሱን እግር አካፋው ላይ አሳረፈ። አንድ ላይ ረገጧት። ገባች። ከሷ ጋር ሠላሳ ጥማዱ፣ ቤቱ፣ እኔና ፔተር ያሳደግነው ፖም ሁሉ ለሚነቅላት ሰው ሆነ።

ያኮብ ሁለት እርምጃ መጣ። ዲርክ «ቁም» አለው። «በኖቬምበር እስከሚውለው እስከ ማርቲን በዓል ድረስ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው የሚነቅለው፤ በተካዩ ቤት የሚኖር ደግሞ አይነቅልም።» እኔ አልችልም ማለት ነው። ከቤቱ ውጭ ያለ የሥጋ ዘመድ አንተ ብቻ ነህ።

ያንተ ስድስት ጥማድ ነጻ ሆኗል፤ ዲርክ ስምህን መዝገቡ ውስጥ «የበጎች መስክ» ከሚለው ጎን እዚያው ግድቡ ላይ ቆሞ ጻፈው። የኛን ነቅለህ ብትወስድም ሕጉ ይፈቅድልሃል፤ ፔተር ሻንጣ ስለሌለን ጥጃው ላይ እንጭናለን እያለ ይቀልዳል። ብትተወውም ያኮብ ይወስደዋል። እኔ ምንም አልለምንህም፤ መለመን የማይገባው ቤት ነን።

አባባ በየቀኑ ግድቡ ላይ ነው። ፔተር ወንበሩን ተሸክሞለት ይሄዳል፤ አካፋው አጠገብ ይቀመጣል። አሁን ጀርባውን ሳይሆን ፊቱን ለክርኑ ሰጥቶ። ሰው ሲያልፍ «እንዳትነካት፣ ባለቤት አላት» ይላል።

ትናንት ምሳውን ሳደርስለት «ያ ስባሪ ስኳር ተጣለ?» አለኝ። ቆርቆሮውን አመጣሁለት። ጉንጩ ውስጥ ወትፎት ብዙ ቆየ። ከዚያ «ስትጽፊለት ጥሩ ነው በይው» አለ።

ጌሼ


ለንደን
ኦክቶበር 18 ቀን 1832

ለእታለም ጌሼ፣ ለፔተርና ለአጎቴ ለሉደር፤ ሰላም ለቤታችሁ፤

የሴፕቴምበሩ ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። ሁለት መልስ ጽፌ ነበር። አንደኛው ላይ «ተናገሪ» ይል ነበር፣ ሁለተኛው ላይ «ሽማግሌውን ተዪው» ይል ነበር። ሁለቱንም ስኳር የሚፈላበት እሳት ውስጥ ጨመርኳቸው። ጀልባዎቹ ሄዱ። ያንን ሸክም ላንቺ ብቻ ትቼው ነበር፤ ይቅር በይኝ።

አጎቴን ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍ ተቀምጬ አልመጣልኝም። በአባቴ ፈንታ ይቅር ማለት አይመጣልኝም። ፊቱን ሳየው ይመጣ እንደሆን አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ክርኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሃው የት እንደሚገፋ፣ ፍልፈሉ የት እንደሚገባ፣ ጭቃው በየትኛው ወር እንደሚሰነጠቅ። ያኮብ አንድ ክረምት አይይዘውም።

አካፋውን እነቅላለሁ። ነቅዬ ከብቶቹ ቤት ምሰሶ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ቤቱ የናንተው ነው፣ ማንም የትም አይሄድም፤ ጥጃውም ይረፍ። ክርኑን ግን እኔና ፔተር በናንተ አራት ፈረስ እንሠራዋለን። በጎች መስክ ላይ በግ አስገባለሁ።

ትናንት አዲስ ሰው ቀጠሩ፣ ከሽታደ አካባቢ ነው። «ከየትኛው ማይል ነህ?» አለኝ። ከሁለተኛው አልኩት። «ባርቶልድ እባላለሁ» ብዬም ጨመርኩ። «ማይልማ ቀርቷል እኮ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ፖም አራግፎ በሚመለሰው ጀልባ እመጣለሁ፤ ከማርቲን በዓል በፊት እደርሳለሁ። በሉሄ በኩል አልወርድም። ኤስቴ ላይ ወርጄ በእግሬ፣ ችካሎቹን ከመጀመሪያው አንድ ብዬ እየቆጠርኩ በግድቡ ላይ እመጣለሁ። አጎቴ ከወንበሩ እንዳይነሳ፤ እዚያው ይጠብቀኝ። ዘጠኝ ስል ቀና እላለሁ።

ያን ጊዜ እጅሽን ሽርጥሽ ውስጥ እንዳላየው።

ወንድምሽ ባርቶልድ